ውሻችሁን ለሌላ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት

እናቶች ሆይ! በደጋው አገራችን ውሻ የቤት ዘበኛ ነው። በወገራም ሆነ በዳባት፥ በደባርቅም ሆነ በጃናሞራ፥ ሌሊት በረቱን ከጅብ፥ ቀን በጎቹን ከቀበሮ የሚጠብቅልን እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ከውሻው ጋራ መለያየት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንዱ ቤተ ሰብ ልጆቹን ለማስተማር ጎንደር ከተማ ገብቶ ቤት ይከራያል፤ አከራዩ ደግሞ ውሻ አላስገባም ይላል። ሌላው በጎቹን ሸጦ ይጨርስና ጠባቂ አያስፈልገውም። የአንዷም ውሻ ስድስት ቡችሎች ትወልድና ለሁሉም የሚበቃ ፍርፋሪ ይጠፋል።

በዚህን ጊዜ ውሻውን በገበያ ቀን ወስዶ እዚያው ጥሎት የሚመጣ፥ ቡችሎቹንም በጆንያ ከቶ ወንዝ ዳር የሚጥል ሰው አለ። «እሰይ፥ ተገላገልን!» ይላል። ነገር ግን የተጣለ ውሻ ይራባል፤ ከባዘኑ ውሾች ጋራ ይውላል፤ ይናከሳል። አንድ ቀንም የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ውሃ ሊቀዱ የወረዱትን ልጆች ይነክሳል። ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች ከ100 ውስጥ 99ኙ ያህል የሚያዙት በውሻ ነው።

ስለዚህ ውሻ ሲሰጥ በሥርዓት ይሰጥ። ሥርዓቱም እንደሚከተለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ ሰው የነከሰ ውሻ 10 ቀን ሳይሞላው ከቤቱ አይውጣ። ጎረቤት ሲነከስብን እናፍርና «ይኼን ውሻ ዛሬውኑ አርቁልኝ» እንላለን። ይህ ትልቅ አደጋ ነው። የበሽታው መርዝ በውሻው ልጋግ ውስጥ የሚገባው የእብደቱ ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። እንግዲህ በነከሰ ጊዜ መርዙ በልጋጉ ከነበረ፥ ውሻው በ10 ቀን ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። 10 ቀን በጤና ከሰነበተ ግን፥ በነከሰ ጊዜ መርዙ በልጋጉ እንዳልነበረ ይታወቃል። ውሻው ወደ ሩቅ አገር ከተሰጠ ወይም ተገድሎ ከተጣለ ይህን የሚያይ ሰው አይገኝም። ስለዚህ በጠንካራ ገመድ ታስሮ፥ ልጆች ሳይቀርቡት ይጠበቅ። ጠባዩ ቢለወጥ፥ ልጋጉ ቢዝረከረክ፥ ምግብ እምቢ ቢል፥ ድንጋይና እንጨት ቢናከስ ወዲያው ለጤና ጣቢያና ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።

የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅ! ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡት፤ ዕለቱንም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጸበል ወይም የአገር መድኃኒት የሚሻም ቢሆን አስቀድሞ ክትባቱን ይጀምር። ውሻው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ክትባቱ ይቁም አይቁም የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ሁለተኛ፥ ውሻው ሳይከተብ አይሰጥ። ቡችላ ከእናቱ ጡት ሁለት ወር ሳይሞላው አይለይ፤ ሦስት ወር ሲሆነው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋ። የመጀመሪያው ክትባት ጸንቶ ለመከላከል ሦስት ሳምንት ያህል ስለሚወስድ፥ ውሻው ከተከተበ በኋላ ይቆይና ከነወረቀቱ ይሰጥ። የገጠር ሰዎች በወረዳው የእንስሳት ጤና ኬላ ጠይቁ፤ የጎንደር ከተማ ሰዎች የከተማውን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። በአንድ ቀበሌ ካሉት 10 ውሾች 7ቱ ዘወትር ክትባታቸው ሳይቋረጥ ከኖሩ፥ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መዛመቱን ያቆማል።

ሦስተኛ፥ የትል መድኃኒት ይሰጠው። በግ ሲታረድ የታመመውን ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር ልማድ ነው። በዚያ ውስጥ ያለው ውሃ የቋጠረ እብጠት በውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላልም ከኩሱ ጋራ ወጥቶ በጠጉሩ ላይ ይጣበቃል። ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የበላ ሕፃን በጉበቱ ወይም በሳንባው እንዲህ ያለ እብጠት ሊያበቅል ይችላል። እንዲህ ያለውን ሆድ ዕቃ በጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

አራተኛ፥ ለሚቀበለው ቤት እውነቱን ንገሩ። በሬ ሲሸጥ ነውሩ እንደሚጠየቅ ሁሉ፥ ዶሮ ያጠፋ እንደሆነ፥ ሰው ነክሶም እንደሆነ አትደብቁ። እናንተም ጠይቁ፤ አጥር አላችሁ ወይ? በእጁ የሚያበላው ማነው? ሕፃን ልጅ አለ ወይ? መልሱ ካላጠገባችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። አዲሱ ቤት ቤቱ የሚሆንለት እዚያ ሲበላ ነው። ስለዚህ የለመደውን ገመድና መመገቢያውን አብራችሁ ስጡ። በገበያ ግርግር መካከል አታስረክቡት፤ እስከ ደጃፉ ራሳችሁ አድርሱት። አዲሶቹ ባለቤቶች ሁለት ሳምንት ያህል አስረው፥ በየቀኑ በአንድ ሰዓት አንድ ሰው ያብላው፤ ውሃና ጥላም አይጉደልበት። ቶሎ ከተለቀቀ ወደ ቀድሞው ቤቱ ሲሄድ በመንገድ ይጠፋል።

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ ውሻ ወደ ዱር እንዳይለቀቅ አብልጣችሁ ተጠንቀቁ። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በዚሁ በሽታ ይሞታል። በ1984 ዓ.ም. ገደማ በባሌ ተራሮች ብዙዎቹ አልቀዋል።

የሚቀበል ሰው ቢጠፋ ውሻውን አትጣሉት፤ መርዝም አታብሉት። መርዙን የጎረቤት ውሻ ወይም ሕፃን ሊያገኘው ይችላል። ለጊዜው አስራችሁ እያበላችሁ ለእንስሳት ሐኪሙ ንገሩ፤ በዕድር ቀንም ለጎረቤት አስታውቁ። ሴቷ ውሻችሁ ወንድ በምትፈልግበት ወራት ታስራ ብትጠበቅ፥ በከርሞው ሰጪ የሚያስፈልጋቸው ቡችሎች ቁጥር ይቀንሳል።