ከደጋ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ፦ ከፍታና የአሮጌ ሞተር ሳይክል ካርቡሬተር

በመካነ ሰላም ባቄላ በቶሎ እንደማይበስል የከተማዋ እናቶች ጠንቅቀው ያውቁታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመኾኗ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይኾን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት ነው። ይኸው ስስ አየር በየመሥሪያ ቤቱ ግቢና በየጋራዡ ደጃፍ የሚቆሙትን አሮጌ ሞተር ሳይክሎችም ያስቸግራል። ጥቁር ጭስ የሚተፉት፣ ዳገት ላይ የሚታፈኑት፣ ካንዴላቸው በየጊዜው የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ ተበላሽተው ሳይኾን ለሌላ ከፍታ ተስተካክለው በመሠራታቸው ነው።

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ወረዳዎች፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በለጋምቦና በሳይንት፣ መኪና እንደልብ የማይደርስባቸው ቀበሌዎች ብዙ ናቸው። የግብርና ባለሙያው ከአርሶ አደሩ ማሳ፣ የጤና ሠራተኛዋ ከእናቶች ደጅ በጊዜ ለመድረስ ሞተር ሳይክል ያስፈልጋቸዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ የገጠር ሥራ ከሚያገለግሉት መካከል እንደ ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ያሉ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ይገኙበታል። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ በትንሽ መፍቻና በአንድ ካቻቢቴ ብዙ ነገራቸው ይፈታል። በሌላው ዓለም ለእርሻና ለመዝናኛ የሚነዱ አሮጌ ባለ አራት ጎማ ሞተሮችም አንዳንዶቹ ተመሳሳይ ሞተር ስላላቸው ከዚህ በታች የሚነገረው ለእነርሱም ይሠራል።

ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብል ክፍል ነው። መካከሉ ላይ ጠበብ ያለ አንገት አለው። አየር በጠባብ ስፍራ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ግፊቱ ይቀንሳል። ይህን ክስተት ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ እ.አ.አ በ1797 ባሳተመው ጥናት ገልጾታል። የግፊቱ መቀነስ ከሥር ካለው ትንሽ ገንዳ ቤንዚኑን በነሐስ በተሠራች ጠባብ ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ይስበዋል። ለአንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በትክክል መቃጠል 14 ነጥብ 7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል።

ችግሩ ካርቡሬተር አየርን በክብደት መዝኖ አለማቅረቡ ነው። በመካነ ሰላም ከፍታ አንድ ሊትር አየር በባሕር ጠለል ካለው ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ያነሰ ነው። የነሐሷ ቀዳዳ ግን በፋብሪካ እንደተበሳች ስለምትቆይ ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር ከ10 በመቶ በላይ ይበዛል። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ በለጋምቦ በኩል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አሽከርካሪው የሚያየው የጠቆረና የረጠበ ካንዴላ፣ ጉልበት ያጣ ሞተር፣ ጥቀርሻ የሞላው ማርሚታ ነው። ካርቡሬተሩ ምንም ያህል ቢስተካከል ከአየሩ መሳሳት የሚመጣው የጉልበት ማነስ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ ግን ከወዲሁ ማወቅ ይበጃል። መስተካከሉ የሚያስቀረው የቤንዚን ብክነቱንና የካንዴላውን መጥቆር ነው።

መፍትሔው ቤንዚኑን መቀነስ ነው። ርካሹና በቀላሉ የሚመለሰው ዘዴ በካርቡሬተሩ ውስጥ የተንጠለጠለችውን መርፌ አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው። መርፌዋ አናት ላይ የተደረደሩ ክርክሮች አሉ፤ ትንሿን መያዣ ቀለበት ከነበረችበት ክርክር አንድ ወደ ላይ ማስገባት መርፌዋን ዝቅ ያደርጋታል፤ የቤንዚኑ መንገድም ይጠባል። ይህ የሚሠራው በመካከለኛ ፍጥነት ላይ ነው። ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ የሚወስነው ዋናው የነሐስ ቀዳዳ ስለኾነ እርሱን በአነስተኛ ቁጥር መተካት ያሻል። ቁጥሩ በራሱ ላይ ተቀርጿል፤ የወጣውን መጣል አይገባም፤ ምክንያቱ ወደ በኋላ ይገለጻል። አንዳንዶች አየር እንዲበዛ በሚል ፊልትሮውን አውጥተው ይነዳሉ። በጠጠር መንገድ አቧራ ይህ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን በአሸዋ ወረቀት እንደመፈግፈግ ይቆጠራል።

አሁን ወደ አደጋው። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም የሚሻገር ሰው ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ከፍታው ከ1 ሺህ 500 ሜትር በታች ይኾናል። ከ1 ሺህ ሜትር በላይ የኾነው ይህ ቁልቁለት አየሩን እንደገና ያከብደዋል። ለደጋ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ሞተር በረሃ ሲደርስ ቤንዚን ያንሰዋል፤ እሳቱ ይግላል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በመኾኑ ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም አብሮ ያንሳል። ሙቀት ጨምሮ ዘይት ሲቀንስ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይነክሳል። ዘይትን በራሱ ፓምፕ ለይተው የሚመጥኑ ሞተሮች በዚህ ረገድ የተሻሉ ቢኾኑም ከሙቀቱ አያመልጡም። የጠቆረ ካንዴላ በጥቂት ብር ይለወጣል፤ የነከሰ ፒስተን ግን ሲሊንደር ያስቆርጣል፤ በመታጠፊያ ላይ የኋላ ጎማ ከያዘ ደግሞ የሰው ሕይወትም ያሰጋል።

ቁልቁለቱ ራሱ ሌላ ወጥመድ አለው። አሽከርካሪዎች ፍሬን ለመቆጠብ ማርሽ አስገብተው፣ ቤንዚን መስጫውን ዘግተው ረዥም ቁልቁለት ይወርዳሉ። ለባለ አራት ምት ሞተር ይህ መልካም ልማድ ነው። በቅልቅል ዘይት የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን መስጫው ሲዘጋ ዘይቱም ይቋረጥበታል፤ ሞተሩ በፍጥነት እየተሽከረከረ ደርቆ ይወርዳል። በየተወሰነ ርቀቱ መስጫውን ለአፍታ መክፈት ውስጡን ያረጥበዋል። የሞተሩ ድምፅ በድንገት ተለውጦ ጉልበቱ ሲሰንፍ ከተሰማ ፍሪሲዮኑን ወዲያውኑ መጫን፣ በፍሬን መቆም፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። ማርሹን ነጻ አድርጎ እየተንሸራተቱ መውረድ ግን ከዚህ የባሰ ነው።

ካርቡሬተሩን ከመፍታት በፊት ቀላሉን መመርመር ጊዜ ይቆጥባል። በጀሪካን ወይም በሃይላንድ ተገዝቶ የቆየ ቤንዚን ውኃና ቆሻሻ ሊኖረው ይችላል፤ በብርጭቆ ጥቂት ቀድቶ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ውኃው ከሥር ይተኛል። ቅልቅሉም እንዲሁ ነው። አምራቹ 25 ለ1 ካዘዘ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። በግምት የሚፈስ ዘይት የብዙ ብልሽት ምንጭ ነው። ዘይት መጨመር ለሞተሩ ደግነት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን የዘይቱ ብዛት የቤንዚኑን ድርሻ ስለሚሻማ ሞተሩን ወደ ቤንዚን ማነስ ይገፋዋል። ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ፣ ማርሚታው በጥቀርሻ ተደፍኖ ከኾነም ካርቡሬተር ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ ካንዴላው ይታይ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዳገት ተነድቶ፣ በሚኒሞ ሳይቆይ ተጠፍቶ ሲፈታ የቡና ወተት የመሰለ ቀለም ካለው ድብልቁ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከኾነ ቤንዚን በዝቷል፤ አመድ መስሎ ከነጣ ቤንዚን አንሷል። ካንዴላ መፍቻ በእጅ ከሌለ ቾኩን ለአፍታ መጠቀም ይቻላል፤ ሞተሩ ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል፤ ከታፈነ በዝቶበታል።

ሞተሩ በሚኒሞ ብቻውን የሚጮህና ለመውረድ የሚዘገይ ከኾነ ጥፋቱን በካርቡሬተሩ ላይ ለመጣል መቸኮል አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ሌላ አየር በስንጥቅ እየገባ ነው። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ጎማ በደጋው ጠራራ ፀሐይና በሌሊቱ ቅዝቃዜ ይሰነጠቃል፤ ጓርኒሲዮኑም ይላላል። ሞተሩ እየሠራ በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥቂት የሳሙና ውኃ ሲነካ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው ተገኘ። ይህን ሳያዩ የነሐስ ቀዳዳ እየለዋወጡ የሚከርሙ ጋራዦች አሉ።

በመጨረሻ ካርቡሬተሩ የሚፈታ ከኾነ ከመንገድ ዳር ይልቅ ንጹሕ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ይኹን። ከሥሩ ያለው ገንዳ ይታጠባል፤ ቤንዚን ያለማቋረጥ የሚያንጠባጥብ ከኾነ ተንሳፋፊውና እርሱ የሚዘጋት መርፌ ይመረመራሉ። የተደፈነውን ቀዳዳ በቤንዚን አጥቦ በጎማ መንፊያ መንፋት ነው፤ ሽቦ መክተት ለስላሳውን ነሐስ ስለሚያሰፋው ቀዳዳው ከዚያ ወዲያ የተጻፈበት ቁጥር አይኾንም። የጎን ብሎኗን ከመፍታት በፊት እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ ስንት ዙር እንደሚዞር ቆጥሮ መያዝ ይገባል፤ በፊልትሮው በኩል ያለች ከኾነች መፍታት አየር ይጨምራል፤ በሞተሩ በኩል ከኾነች ግን ቤንዚን ይጨምራል። ለብዙዎቹ መነሻው አንድ ዙር ተኩል ነው።

ወደ ዓባይ የሚወርድ አሽከርካሪ ያስቀመጠውን የፋብሪካ ቀዳዳ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከካቻቢቴውና ከአንድ ትርፍ ካንዴላ ጋር ይዞ ይነሣ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ቀዳዳውን ይቀይር፤ መርፌዋንም ወደ ቀድሞ ክርክሯ ይመልስ።