ፍርዱን ጨርሶ ለሚመለስ፤ የጉራጌ ዕርቅና እድር

የመንግሥት ሕግ ሰው ወደ ወህኒ የሚገባበትን በር በብዙ አንቀጽ አጥሮ፣ መርማሪ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃና ዳኛ አቁሞበት ሳለ፣ ያው ሰው የሚወጣበትን በር ግን በአንዲት የመፈቻ ወረቀት ከፍቶ ይተወዋል። ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ማረሚያ ተቋም ወጥቶ፣ ወረቀቱን በኪሱ ከትቶ፣ ወደ አታት ወይም ወደ እምድብር የሚያመራ ታራሚ በሕግ ፊት ዕዳውን የከፈለ ነጻ ሰው ነው፤ በትውልድ አገሩ ፊት ግን፣ በተለይ ነፍስ አጥፍቶ የታሰረ እንደ ሆነ፣ ዳኛው ያልመረመረው ሌላ ጉዳይ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ከሟች ወገን ጋር በአንድ ገበያ መዋል፣ ከአንድ ምንጭ መቅዳት፣ በአንድ ለቅሶ መቀመጥ ይቻለው እንደ ሆነ ነው። ይህን ጉዳይ የሚቋጩት ደመወዝ የማይቆረጥላቸው፣ ማኅተምም የሌላቸው፣ ነገር ግን ቃላቸው የሚከበር የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። በሌላው ዓለም በብዙ ገንዘብና በብዙ ሠራተኛ የሚቋቋመው የተፈቺዎች መርጃ አገልግሎት በእኛ ዘንድ ስም ሳይወጣለት የኖረው በእነዚህ ሰዎችና በጎረቤት ማኅበር እጅ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

የሰባት ቤት ጉራጌ የመተዳደሪያ ሕግ ቅጫ ይባላል፤ ጠቅላላው ሸንጎ የሚሰበሰብበት ስፍራ ጆካ ስለሚባልም የጆካ ቅጫ ተብሎ ይጠራል። የሶዶ ክስታኔ ሕዝብ ደግሞ ጎርደና ሴራ የሚባል የራሱ ሥርዓት አለው፤ ስለ ሁለቱም የታሪክ ሊቁ ባሕሩ ዘውዴ ጽፈዋል። ሸንጎው የሚቀመጠው በዝግባ ጥላ ሥር ሲሆን፣ ክርክር ሁሉ ግን በቀጥታ ወደዚያ አይወጣም፤ አስቀድሞ በመንደር፣ ቀጥሎም በጎሣ ሽማግሌዎች ዘንድ ይታያል፤ በዚያ ያልተቋጨው ብቻ ወደ ላይ ይሻገራል። በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ወርድዎት ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት ቆማ የተሟገተችው በዚሁ በጆካ ሸንጎ ፊት ነው፤ ሸንጎው የወንዶች ሸንጎ ሆኖ መኖሩንም ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ነፍስ በጠፋ ጊዜ ነገሩ የሁለት ሰዎች ጠብ መሆኑ ያበቃና የሁለት ወገኖች ጉዳይ ይሆናል። ገዳዩ ቢታሰርም ቤተሰቡ ከሟች ወገን ዓይን ይርቃል፤ ሽማግሌዎችም ኀዘኑ እስኪበርድ ከጠበቁ በኋላ በሟች ደጅ ይመላለሳሉ፤ አንድ ጊዜ ተመልሰው፣ ሁለተኛም ተሰድበው፣ ሦስተኛ ሲመጡ ቁጭ በሉ ይባላሉ። ካሣው የሚቆረጠው በገዳዩ ላይ ብቻ ሳይሆን ወገኑ ሁሉ አዋጥቶ የሚከፍለው በመሆኑ፣ አንዱ በሠራው ጥፋት ብዙዎች ዕዳ ይገባሉ፤ ከዚህም የተነሣ ዳግመኛ እንዳያጠፋ የሚጠብቁት ዓይኖች ብዙ ይሆናሉ። መጨረሻው መሐላ ነው፤ ጉርዳ በሚባለው ቃል ኪዳን ሁለቱ ወገኖች እንዳይጎዳዱ ይማማላሉ፤ መሐላውን ማፍረስም ከመንግሥት ቅጣት ይልቅ ይፈራል።

ይህ የዕርቅ ሥራ መሠራት ያለበት ሰውየው ከተፈታ በኋላ ሳይሆን ገና በእሥር ሳለ ነው። ዘመዶቹ ስንቅ ይዘው በሚመላለሱበት ዘመን ሽማግሌዎቹም ወደ ሟች ቤት ቢመላለሱ፣ ሰውየው በሚወጣበት ቀን መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ክልሎች በአዲስ ዓመት መግቢያ ለታራሚዎች ይቅርታ የሚያደርጉበት ልማድ ከዚህ አገር ሥርዓት ጋር መልካም ሆኖ ገጥሟል፤ ጉራጌ ከያለበት ወደ ቀዬው የሚገባበትና የተጣላ የሚታረቅበት የመስቀል በዓል የሚውለው ከዘመን መለወጫ 16 ቀን በኋላ ነውና። በቡታጅራ በኩል ያሉት እስላሞች ወገኖቻችን ደግሞ ለአረፋ ይሰባሰባሉ።

የመንግሥት ሕግ ለዚህ ዕርቅ ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ፣ ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም እንደ ሆነ 20 ዓመት ከፈጸመ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ሲደነግግ፣ በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ከማሳየቱ ሌላ፣ ፍርድ ቤት የወሰነውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ካሣ በተቻለው መጠን መክፈሉን ይጠይቃል። ከተበዳዩ ጋር የተስማማበት የሚለው ሐረግ አጭር ናት፤ ነገር ግን ሽማግሌ ወደ ሕጉ ቤት የሚገባባት መስኮት እርስዋ ናት። ሕገ መንግሥቱ የባህልና የሃይማኖት ዳኝነትን በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ስለ ወሰነው፣ የጆካ ሽማግሌዎች በወንጀል ላይ መፍረድ አይችሉም፤ ያስታረቁበትን ውል በጽሑፍ አድርገው ለማረሚያ ተቋሙ ቢያቀርቡ ግን የሚከለክላቸው የለም፤ ታራሚውንም በእጅጉ ይጠቅመዋል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ድንጋጌ አለ። ሕጉ መሰየም ብሎ በሚጠራው ሥርዓት፣ በጽኑ እሥራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ፈጽሞ 5 ዓመት፣ በሌላ ቅጣት የተቀጣም 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ከኖረና ካሣውን ከከፈለ፣ የተወሰደበት መብት እንዲመለስለትና ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ማመልከት ይችላል። ለሥራ ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃ በሚጠየቅበት በአሁኑ ዘመን ይህ ድንጋጌ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ሽማግሌና ዘመድ የሌለውን ተፈቺ መጨረሻ ለማየት ወደ ጃፓን መሻገር ይጠቅማል። በዚያ አገር አንድ ሰው ከረጅም እሥራት በኋላ ወደ ቀዬው ቢመለስ ወላጆቹን ሞተው፣ ሚስቱን ሌላ አግብታ አገኛት፤ የሚያስጠጋውም አላገኘም፤ ዳግመኛ ላይበድል ለወህኒው ሹም የገባውን ቃል ማፍረስ ስላልወደደም ራሱን ከኩሬ ጥሎ ሞተ ይባላል። ይህን የሰማ ኪምፓራ ሜይዜን የተባለ ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1888 በሺዙኦካ የተፈቺዎች መርጃ ማኅበር አቆመ፤ ከዚያ የተወለደው ልማድ ዛሬ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ጎረቤቶችን አፍርቷል። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የተጠሩት ደንቦች የኅብረተሰቡ ግዴታ እሥረኛው በተፈታበት ቀን እንደማያበቃ ይናገራሉ። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ በሰንሰለት ታስሮ ሳለ፣ ከጌታው ለኮበለለው ለአናሲሞስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት፣ ዕዳ ቢኖርበት እኔ እከፍላለሁ ብሎ ዋስ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

አሁን ደግሞ ወደ እርሻው እንለፍ፤ ዕርቅ ወርዶ ሆድ ባዶ ከሆነ ሰላሙ አይበረክትምና። የጉራጌ ቤት የቆመው በእንሰት ላይ ነው። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ ቦታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል፤ በዚህም መካከል ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየተነቀለ መዛወር አለበት። በባህሉ መትከሉና ማዛወሩ የወንድ፣ መፋቁና ቆጮውን ማዘጋጀቱ የሴት ሥራ ስለ ሆነ፣ ባሏ የታሰረባት ሴት የበሰለውን እየፋቀች ልጆቿን ስታበላ ተተኪው ሳይተከል ይቀራል፤ ሰውየው 5 ዓመት ታስሮ ቢመለስ የሚያገኘው ጓሮ መካከሉ የተበላ ማበጠሪያ ነው። ስለዚህ ጎረቤቶች በየዓመቱ አንድ ቀን ደቦ ወጥተው የታሳሪውን እንሰት ቢያዛውሩለት፣ የትኛውም መሥሪያ ቤት ሊሰጠው የማይችለውን አገልግሎት ሰጡት ማለት ነው።

ጤናውም ሌላ ነገር ነው። ሰው በተጨናነቀበት ክፍል የሳንባ ነቀርሳ ይዛመታል፤ መድኃኒቱ በተለመደው ሥርዓት 6 ወር ስለሚወሰድ፣ በመካከሉ የተፈታ ሰው ካቋረጠው ለራሱም ለቤተሰቡም አደጋ ነው። የአታት አካባቢ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ የሕክምና ሚስዮን እኅቶች እ.ኤ.አ. በ1969 ያቋቋሙት የእመቤታችን የሉርድ ካቶሊክ ሆስፒታል ከደጁ አለለት።

እዚህ ላይ የባህሉን ጉድለት መሸፈን አልወድም። ሽማግሌ የሚላክለት ወገን ላለው ነው፤ ካሣውም የሚዋጣው ጎሣው ለማይክደው ሰው ነው። በከተማ ተወልዶ በከተማ የታሰረ ወጣት፣ ባሏ በእሥሯ ጊዜ ሌላ ያገባባት ሴት፣ የገዛ ወንድሙን የገደለና ከፋይም ተቀባይም አንድ ቤት የሆነበት ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ከጆካ ጥላ ውጭ ይቀራሉ። በማረሚያ ሽመና፣ እንጨት ሥራ ወይም ልብስ ስፌት የተማረ ሰውም ሲወጣ ሙያው እንጂ መሣሪያው አብሮት አይወጣም። እንደ ፕሪዝን ፌሎውሺፕ ኢትዮጵያ ያሉ ማኅበራት በእሥር ቤቶች የሚሠሩት ሥራ የሚመሰገን ቢሆንም፣ የየመንደሩን ደጅ ሁሉ ሊያንኳኩ አይችሉም።

የመንደሩን ደጅ የሚያውቀው እድር ነው፤ ጉራጌም በአዲስ አበባ የእድርንና የእቁብን ልማድ ካስፋፉት አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። የእድር አባል ሲታሰር ግን መዋጮው ከተቋረጠ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ሲመለስም ቀባሪ የሌለው ሰው ሆኖ ይመለሳል። አንባቢ ሆይ፣ የእድርህ ዓመታዊ ጉባኤ ሲደርስ አንዲት አንቀጽ አስጨምር፦ የታሰረ አባል በእሥሩ ዘመን ከመዋጮ ነጻ ሆኖ አባልነቱ ይጠበቅለት፤ ከመፈታቱ ሦስት ወር አስቀድሞም ሁለት ሰዎች ወደ ማረሚያው ሄደው ይጠይቁት።