የፎገራ ሜዳ ለምነት መነሻው የጉና ተራራ ነው

በአማራ ክልል የሚገኘው የደቡብ ጎንደር ዞን በመልክዓ ምድሩ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ገጽታዎችን አጣምሮ የያዘ ነው። በምሥራቅ በኩል የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው አርብ ገበያ አንሥቶ እስከ ስማዳና እስቴ ያለው አካባቢ ተዳፋት፣ ገደልና ጥልቅ ሸለቆ የሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ይገኛል።

የሁለቱ አካባቢዎች የኑሮ ሁኔታም የተለያየ ነው። ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ በምግብ እህል ራሳቸውን ለመቻል ሲቸገሩ የቆዩና በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። ፎገራ በአንጻሩ በሩዝ፣ በሽንኩርትና በወተት ላሞቹ የታወቀ ነው። ይሁንና የደጋው ችግርና የሜዳው ሀብት የተለያየ ታሪክ የላቸውም። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው የጉና ተራራ ነው።

የጉና ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4ሺህ 100 ሜትር የሚልቅ ከፍታ ሲኖረው፣ ከደብረ ታቦር ከተማ በስተምሥራቅ ይገኛል። ከአናቱ ጓሳና ጅብራ የሚበቅልበት ይህ ተራራ የበርካታ ምንጮች መፍለቂያ ነው። ወደ ምዕራብ ከሚፈስሱት ወንዞች ዋነኞቹ ርብና ጉማራ ናቸው። ርብ በደብረ ታቦር ሰሜን፣ ጉማራ በደቡብ በኩል አልፈው የፎገራን ሜዳ በማቋረጥ ጣና ሐይቅ ይገባሉ።

የሜዳው አፈጣጠር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የጣና ሐይቅ ከፍታ 1ሺህ 785 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ከጉና አናት የሚነሣው ውኃ በአየር መስመር 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከ2ሺህ 300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በተዳፋቱ ላይ የሚጣደፈው ጎርፍ አፈር፣ አሸዋና ጠጠር ጠርጎ ይይዛል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ስለሚደክም የተሸከመውን መጣል ይጀምራል። ጠጠርና አሸዋው በቅድሚያ ሲቀር፣ ደቃቁ ደለል ወንዙ ሞልቶ በሚፈስስበት ጊዜ በግራና በቀኝ ባለው መሬት ላይ ይነጠፋል። ይህ ሂደት ለብዙ ሺህ ዓመታት ክረምት በመጣ ቁጥር በመደጋገሙ የፎገራን ሜዳ ፈጥሯል።

ሜዳው በዋናነት የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደራ ወረዳዎችን ቆላማ ክፍሎች ያካትታል። የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚያመራው መንገድም የሚነሣው ከዚህችው ከተማ ነው።

አብዛኛው የሜዳው አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥና የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ ደግሞ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ነው። ውኃ ቶሎ ስለማያሳልፍ በክረምት ረግረግ ይሆናል፤ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ደግሞ ዝናብ ካባራ በኋላም ሰብል ያበቅላል። የአካባቢው አርሶ አደር የኑሮ ስልት የተመሠረተው በዚህ ጠባይ ላይ ነው። በረግረጋማው መሬት ላይ መኖር የለመደው የፎገራ የከብት ዝርያ በወተትም ሆነ በእርሻ ሥራ የታወቀ ሲሆን፣ ዝርያውን ጠብቆ ለማቆየት በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሲሠራ ቆይቷል።

ሩዝ ወደ አካባቢው የገባው በ1970ዎቹ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ድጋፍ ነው። ውኃ የሚተኛበትና ለሌላ ሰብል አስቸጋሪ የነበረው መሬት ለሩዝ ተስማሚ ሆኖ በመገኘቱ እርሻው በፍጥነት ተስፋፍቷል። አርሶ አደሩ ሩዙን ካነሣ በኋላ በቀሪው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ መስኖ ባለበትም ሽንኩርት ያመርታል። የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራ ሲውል፣ ገለባው ለከብት መኖ ይሆናል። በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫውን በዚሁ በፎገራ አድርጓል።

ሆኖም ሜዳውን የፈጠረው ጎርፍ አደጋም ያስከትላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች የደረሰው ጎርፍ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል፤ ሰብልና ከብትም ወስዷል። የጉዳቱ መንስኤ የዝናቡ ብዛት ብቻ አይደለም። በደጋው ደንና ሣር ሲመናመን ውኃው ወደ መሬት ከመስረግ ይልቅ በአንድ ጊዜ ወደ ወንዝ ይወርዳል። አብሮት የሚመጣው ደለል የወንዙን ወለል ከፍ ስለሚያደርገው ውኃው ከቦዩ በቀላሉ ይወጣል። የጣና ሐይቅ ሞልቶ በሚገኝበት ወቅት ደግሞ የወንዞቹ መውጫ ስለሚዘጋ ጎርፉ ሜዳው ላይ ይተኛል። ከደጋው ታጥቦ የሚመጣው ንጥረ ነገር፣ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በጣና ለታየው የእምቦጭ አረም ምቹ ሁኔታ ከሚፈጥሩት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ጎርፉን ለመግታትና መስኖን ለማስፋፋት ከተወሰዱት እርምጃዎች ዋነኛው የርብ ግድብ ነው። ከ73 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና 234 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ የተገነባው ይህ ግድብ፣ ወደ 20 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት እንዲያለማ የታቀደ ነው። ግድብ ውኃን ብቻ ሳይሆን አፈርንም እንደሚያስቀር ግን መዘንጋት የለበትም። ከተዳፋቱ የሚታጠበው አፈር ካልቀነሰ፣ ለመስኖ የታሰበው የውኃ መጠን ከዓመት ዓመት በደለል እየተያዘ ይሄዳል። በግብፅ እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ቀደም ሲል እርሻዎችን ያለብስ የነበረውን የዓባይ ደለል ከኋላው ማስቀረቱ የዚህ ጠባይ ማሳያ ነው።

ከጉና በስተምሥራቅና በስተደቡብ ያለው ሁኔታ ከዚህም የከፋ ነው። ከጋይንትና ከስማዳ ተዳፋቶች የሚታጠበው አፈር የሚቀበለው ሜዳ የለውም። በጥልቅ ሸለቆዎች አድርጎ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በመውረድ ከዞኑ ይወጣል። የአርብ ገበያ አካባቢ አርሶ አደር ያጣው አፈር የፎገራን ማሳ እንኳ አያለማም። መድረሻው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚያመራው ወንዝ ነው። ስለሆነም በእነዚህ ወረዳዎች የሚሠራ እርከን በቅድሚያ የሚጠቅመው የወረዳዎቹን ነዋሪዎች ሲሆን፣ ቀጥሎም አገራዊ ፋይዳ አለው።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው የወረዳ ወሰንና የውኃ ወሰን አንድ አለመሆናቸውን ነው። በፎገራ የጎርፍ መከላከያ በጀት ሲያዝ በጉና ግርጌ ያለው የተፋሰስ ሥራ በሌላ ወረዳ ዕቅድ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ሁለቱ ተነጻጽረው የሚታዩበት አጋጣሚ አናሳ ነው። በየዓመቱ በበጋው ወራት በሕዝብ ተሳትፎ የሚከናወነው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራም ብዙውን ጊዜ የሚለካው በተሠራው እርከን ርዝመት ነው። እርከኑ ከክረምት በኋላ ስለመቆሙ፣ ከልቅ ግጦሽ ስለመጠበቁና በታችኛው ተፋሰስ የወረደው ደለል ስለመቀነሱ የሚቀርብ ሪፖርት ግን የሥራውን ውጤት ከርዝመቱ ይበልጥ ያሳያል።

በመሆኑም የግብርና፣ የውኃና የመሬት አስተዳደር ተቋማት የዞኑን ዕቅድ ሲያዘጋጁ ከተራራው አናት ጀምረው እስከ ሐይቁ ዳርቻ በአንድነት ሊመለከቱት ይገባል። የተዳፋቱ አርሶ አደር መሬቱን ከግጦሽ ከልሎ ሲያቆይ ለጊዜው የሚያጣውን ጥቅም የሚተካ የመኖ፣ የንብ ማነብ ወይም የፍራፍሬ ልማት ድጋፍ ካላገኘ ጥበቃው ዘላቂ ሊሆን አይችልም። በደጋው የሚቀር እያንዳንዱ ቁና አፈር እዚያው ሰብል ያበቅላል፤ በሜዳውም የጎርፍ ሥጋትን ይቀንሳል።