“ፖዘቲቭ” የተባለው የማን ደም ነው?

ኤችአይቪ በደሟ ያለባት እናት ከወለደች ከስድስት ሳምንት በኋላ ልጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ትመለሳለች። ባለሙያዋ የሕፃኑን ተረከዝ ወጋ አድርጋ ጥቂት የደም ጠብታ በወፍራም ወረቀት ላይ ታሳርፋለች። ደሙ ሲደርቅ ወረቀቱ ታሽጎ ወደ ትልቅ ላብራቶሪ ይላካል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ጉዳዩን የሚያውቅ ቤተሰብ ደግሞ መጠበቅ ይከብደዋል፤ “የእኛ ምርመራ እዚያው ቁጭ ብለን አይደል የደረሰው? የልጁ ምን ይህን ያህል አስቆየው?” ይላል። ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ሕፃኑን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ ፈጣኑን ምርመራ ቢያስደርግለት “ፖዘቲቭ” የሚል ወረቀት ይዞ ሊመለስ ይችላል። ቤቱም የለቅሶ ቤት ይሆናል።

ያ ወረቀት አልዋሸም። የተናገረው ግን ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ እናቱ ነው።

ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን አይደለም። የሚፈልገው አንቲቦዲን፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱ ሲገባበት የሚሠራውን መከላከያ ነው። ለአዋቂ ሰው ይህ ምልክት ይበቃል። ልጅ ግን በማህፀን ሳለ የእናቱ አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ደሙ ይገባል። የራሱን መከላከያ እስኪያበጅ ከኩፍኝም ከሌላውም የሚጠብቀው የእናት ስንቅ ነው። በዚህ ስንቅ ውስጥ የኤችአይቪው አንቲቦዲም አብሮ አለ፤ ከልጁ ደም ጨርሶ እስኪጠፋም እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል።

ታዲያ 18 ወር መጠበቅ ነዋ? አይቻልም። ቫይረሱ በእርግጥ የያዛቸውና ሕክምና ያላገኙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞታሉ። ስለዚህ የእናቱን አንቲቦዲ ትቶ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ያስፈልጋል፤ በውጤት ወረቀቱ ላይ “ፒሲአር” ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው።

ይህን ምርመራ ለመረዳት ሁለት የላብራቶሪ ቃላት ይበቃሉ። አንደኛው ኑክሊዮታይድ ነው። አራት ዓይነት ቀለም ያላቸው ዶቃዎች በክር ላይ ተሰክተው ያስቡ። የቀለሞቹ አሰላለፍ መልእክት ነው፤ የዓይናችን ቀለም፣ የደማችን ዓይነት የተጻፈው በዚህ ነው። እያንዳንዱ ዶቃ ኑክሊዮታይድ ይባላል፤ ረጅሙ ክር ደግሞ ዲኤንኤ ነው። የሰው ክር ሦስት ቢሊዮን ያህል ጥንድ ዶቃ አለው። የኤችአይቪ ክር ግን አርኤንኤ ከሚባል ሌላ ዓይነት ዶቃ የተሠራ ሲሆን 10 ሺህ እንኳ አይሞላም። ይህን ሁሉ ጥፋት የሚያደርሰው ይህቺ አጭር ክር ናት!

ሁለተኛው ቃል ኢንዛይም ነው። ጠላ የጠመቁ እናቶች ሥራውን ያውቁታል። ብቅል ውስጥ ያለው ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ባይቀይረው ጠላው አይፈላም። ኢንዛይም እንዲህ በሕያዋን ሁሉ ውስጥ የሚገኝ ሠራተኛ ነው፤ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይቀጥላል፣ አንዱ ይሰካል። በሳይንስ ስማቸው መጨረሻ ላይ ብዙውን ጊዜ “ኤዝ” የሚል ድምፅ አለ፤ ላብራቶሪው የሚጠቀምበት ዶቃ ሰኪ ኢንዛይም ለምሳሌ ፖሊመሬዝ ይባላል። ፒሲአር ማለት በዚህ ሠራተኛ የቫይረሱን ክር ቁራጭ እየደጋገሙ ማባዛት ነው። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናል። ይህ 30 ጊዜ ሲደጋገም ከአንድ ቁራጭ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይገኛል። ከተረከዝ የወጣችው ጠብታ የምትበቃውም፣ ውጤቱ በሩብ ሰዓት የማይደርሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቫይረሱም የራሱ ሠራተኛ አለው፤ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ይባላል። ስሙ አፍ ያስራል፣ ሥራው ግን ግልጽ ነው። በሰውነታችን ውስጥ መልእክት ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል። ይህ ኢንዛይም ግን ውሃን ሽቅብ እንደማፍሰስ ከአርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ ይገለብጣል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሃዋርድ ተሚንና ዴቪድ ባልቲሞር የተባሉ አሜሪካውያን፣ ኤችአይቪ ገና ሳይታወቅ፣ በሌሎች ቫይረሶች ውስጥ ለየብቻ አገኙት፤ በ1975 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። በኮሮና ጊዜ “አርቲ ፒሲአር” ሲባል የሰማነው “አርቲ” የዚሁ ኢንዛይም ስም ምኅፃር ነው።

መድኃኒቱ የሚሠራውም እዚሁ ላይ ነው። ዚዶቩዲን የሚባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1964 ለካንሰር ተብሎ ተሠርቶ ነበር፤ አልሆነምና ተተወ። በ1987 ግን አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የኤችአይቪ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። ሐሰተኛ ዶቃ ነው። ከውጭ ሲታይ ትክክለኛውን ይመስላል፣ ነገር ግን ቀጣዩ ዶቃ የሚያያዝበት ቀዳዳ የለውም። የቫይረሱ ኢንዛይም ተታልሎ ሲሰካው ክሩ እዚያው ይቆማል። እናትየዋ በየቀኑ በምትውጠው ክኒን ብልቃጥ ላይ የተጻፉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲንም እንዲሁ ሐሰተኛ ዶቃዎች ናቸው። ለሕፃኑ በሽሮፕ የሚሰጠው ኔቪራፒን ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ኢንዛይሙ ላይ ተለጥፎ እጁን ያስረዋል።

በዚያው ብልቃጥ ላይ ያለው ዶሉቴግራቪር የሚከላከለው ኢንቴግሬዝ የተባለውን ሌላ ኢንዛይም ነው። ኢንቴግሬዝ የተገለበጠውን የቫይረስ ክር ከሰውየው የራሱ ዲኤንኤ ጋር ይሰፋዋል። አንዴ ከተሰፋ ዛሬ በእጅ ያለው መድኃኒት ሊተረትረው አይችልም፤ “ደህና ሆኛለሁ” ብሎ ክኒኑን ማቆም የማይቻለው ለዚህ ነው። የቫይረሱ ሰኪ ደግሞ ቸልተኛ ነው፣ ዶቃ ያሳስታል። መድኃኒቱ አንድ ቀን ተውጦ አንድ ቀን ሲቀር፣ ከእነዚያ ስሕተቶች መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋም ቫይረስ ሊፈጠር ይችላል።

ምንም ካልተደረገ ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። እናት መድኃኒቷን በአግባቡ ስትወስድና ልጅም ሽሮፑን ሲያገኝ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ በሚደረግ ትንሽ ነገር ሊበላሽ ይችላል። እዚህ ላይ አያቶችን ማነጋገር ግድ ይላል።

አራስ ልጅ ቅቤ ማላስ፣ የአብሽ ውሃ ማጠጣት፣ “ሆዱን እንዳይቆርጠው” ብሎ ስኳር በውሃ መስጠት በየቤታችን የኖረ ነገር ነው፤ በፍቅር ነው የሚደረገው። የሕፃን አንጀት ግን ገና ስስ ነው። ከጡት ሌላ የገባለት ነገር የአንጀቱን ግድግዳ ሲያቆስለው፣ በጡት ወተት ውስጥ ሊኖር የሚችለው ቫይረስ መግቢያ ያገኛል። ለዚህ ነው እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም ሳይቀር አይሰጠው የሚባለው። የሚያስቸግረው እናትየዋ ምሥጢሯን ለአማቷ አለመንገሯ ነው። ቅቤው ሲመጣ “አይሆንም” ብትል ምክንያት ትጠየቃለች፤ ሽሮፑንም ልብስ ሥር ልትደብቀው ትችላለች። ስለዚህ ምራቶቻችን “ሐኪም ጡት ብቻ ብሎኛል” ሲሉ ምክንያት ባንጠይቅስ? ምክሩ ለሁሉም እናት የሚሰጥ ነው። ንጹሕ ያልሆነ ውሃና ቅቤ ኤችአይቪ ያልነካውንም ሕፃን ለተቅማጥ ይዳርጋል።

የፒሲአሩ ውጤት ቫይረሱ አለ ካለ፣ ለማረጋገጫ ሌላ ደም ይወሰዳል፤ ሕክምናው ግን ማረጋገጫውን ሳይጠብቅ ወዲያው ይጀመራል። የለም ካለ ደስታ ነው፣ ግን ልጁ ገና ጡት እየጠባ ስለሆነ ክትትሉ አይቋረጥም። ልጁ 18 ወር ሞልቶት፣ ጡት ከተወም ቢያንስ 6 ሳምንት ሲሆነው፣ ያ መጀመሪያ ላይ ያሳሳተው ፈጣኑ ምርመራ ይደረግለታል። በዚያን ጊዜ የእናቱ ስንቅ ከደሙ ስላለቀ፣ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ልጁ ብቻ ይሆናል።