የልጅ ልጄ ላፕቶፕና የኮሪደር ፍራሽ

የልጅ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። አንድ ምሽት የባዮሎጂ የቤት ሥራዋን ስትጽፍ ቆይታ፣ «እቴቴ፣ ጽሑፌ በራሱ ተዘጋ!» ብላ ጮኸች። ሴቭ ያላደረገችው ሁለት ገጽ ጠፍቷል፤ ሥራው ደግሞ በማግስቱ የሚሰጥ ነው። እኔ ግን ሰበብ የፈጠረች መስሎኝ፣ «መጀመሪያውኑ አልጻፍሽም» ብዬ ተቆጣኋት። እያለቀሰች ተኛች።

በማግስቱ ኮምፒውተር የሚያውቅ የጎረቤት ልጅ ጠራሁ። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን የተጫነበትም ሊኑክስ ነው። ልጁ አየት አደረገና፣ «እማማ፣ ሲጫን ስዋፕ አልተሰጠውም» አለኝ።

ነገሩ የገባኝ በለመድኩት የነርስነት ሥራ አስቤው ነው። ራም የዋርዱ አልጋ ነው። ስዋፕ ደግሞ ዋርዱ ሲሞላ ኮሪደር ላይ የምንዘረጋው ፍራሽ። ኮምፒውተሩ ለጊዜው የማይፈልገውን ነገር ከራም አውጥቶ ዲስኩ ላይ ያቆየዋል። ኮሪደር ያለውን በሽተኛ ቶሎ ቶሎ ማየት እንደሚያስቸግር ሁሉ ዲስክም ከራም በጣም ይዘገያል። ቢሆንም በሽተኛን ከበር ከመመለስ ይሻላል። ቦታ ጨርሶ ሲጠፋ ሊኑክስ አንዱን ፕሮግራም ራሱ መርጦ ይዘጋል። የልጅቷን ጽሑፍ የበላው ይኸው ነው።

ታዲያ ስንት ይበቃል? ዱሮ ለሁሉም «የራሙ እጥፍ» ይባል ነበር። ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ኩባንያ ምክር ግን እንደ ራሙ መጠን ይለያያል። ራሙ እስከ 2 ጊጋባይት ከሆነ እጥፉን፣ ከ2 እስከ 8 ከሆነ የራሙን ያህል፣ ከ8 እስከ 64 ከሆነ ቢያንስ 4 ጊጋባይት። መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲደክም የተከፈተውን ሥራ ሁሉ ዲስክ ላይ አስቀምጦ እንዲጠፋ፣ ማለትም «ሃይበርኔት» እንዲያደርግ ከተፈለገ ስዋፑ ከዚህ ከፍ ይላል። ለእኛ ባለ 4 ጊጋባይት ላፕቶፕ 8 ይሆናል። ኡቡንቱ ላይ ግን ሃይበርኔት በራሱ አይሠራም፤ የሚያስተካክለው ሰው ይፈልጋል።

እኛ 4 ጊጋባይት መረጥን። ዲስኩን ማጥፋት አላስፈለገም፤ ልጁ ስዋፑን እንደ አንድ ፋይል ፈጥሮ በደቂቃዎች ውስጥ ጨረሰ።

ፍራሽ ግን አልጋ አይሆንም። ላፕቶፑ ሁልጊዜ በስዋፕ ላይ የሚኖር ከሆነና ከተንቀራፈፈ መድኃኒቱ ራም መጨመር ነው። ስዋፕ ኖረም አልኖረም፣ ልጆች በየአሥር ደቂቃው ሴቭ ማድረግን ይልመዱ።

ማታ የልጅ ልጄን ቁጭ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅኋት። በሥራ ዘመኔ በሽተኛ «አመመኝ» ሲለኝ ሳልመረምር «ውሸትህን ነው» ብዬ አላውቅም። ለገዛ ልጄ ልጅ ግን ያንን ነፈግኋት። እናንተም ልጃችሁ «ኮምፒውተሩ ነው ያጠፋብኝ» ሲላችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አስመርምሩት።