የዕቁብ ዕጣና የቁማር ዕጣ

ቁማር ማለት ውጤቱ አስቀድሞ ባልታወቀ ነገር ላይ ገንዘብ አስይዞ፥ ሲቀና መብላት ሳይቀና መበላት ነው። በካርታም፥ በቢንጎም፥ በእግር ኳስ ውርርድም ቢሆን ጠባዩ አንድ ነው። በአገራችን የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሎተሪ በሕግ የታወቀ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የስፖርት ውርርድ፥ በተለይም በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ላይ የሚደረገው፥ በውርርድ ቤቶችና በእጅ ስልክ ተስፋፍቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማንንም ለመንቀፍ ሳይሆን፥ ቁማር እንዴት ወደ ሕመም እንደሚደርስና በምን ሊከላከሉት እንደሚቻል ለማስረዳት ነው።

ነገሩን በጉራጌ አገር ልማድ መመርመር ይጠቅማል። ከጉንችሬና ከአካባቢዋ የእነሞር መንደሮች ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ወጣት፥ ሊስትሮም ይሁን ነጋዴ፥ ክርስቲያኑ ለመስቀል እስላሙ ለዐረፋ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ ቤተ ሰቡ ይመለሳል። ከማጠራቀሚያው መንገድ ዋነኛው ዕቁብ ነው፤ በዕቁብም ዕጣ አለ። ዐሥር ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ በየወሩ አንዱ 10,000 ብር ይወስዳል፤ ዐሥሩ ወር ሲፈጸም ሁሉም የጣለውን ያኽል ተቀብሏል። ዕጣው የሚወስነው ተራውን እንጂ መጠኑን አይደለም። በቁማር ግን ዕጣው የሚወስነው ገንዘቡ ለማን እንደሚሆን ነው፤ አጫዋቹም አስቀድሞ ድርሻውን ያነሣል።

ይህን ድርሻ በሒሳብ እንየው። ሁለት ውጤት ብቻ ባለው፥ ለሁለቱም እኩል ዕድል በሆነ ውርርድ፥ ለ1 ብር 1.90 ብር ይከፈላል እንበል። 100 ብር ያስያዘ ሰው በአማካይ 95 ብር ይመለስለታል። እንዲህ ያሉ አምስት ጨዋታዎችን በአንድ ትኬት ቢያያይዝ ግን፥ ሁሉንም የማግኘት ዕድሉ ከ32 አንድ ሲሆን ክፍያው 25 እጥፍ ያኽል ብቻ ስለ ሆነ፥ አማካዩ ተመላሽ ወደ 77 ብር ይወርዳል። ዐሥር ቢያያይዝ 60 ብር ግድም ይሆናል። እንግዲህ ትልቁ ክፍያ በጣም የሚያጓጓውን ያኽል በጣም የሚያከስረውም እርሱ ነው።

ሰው እየከሰረ ስለ ምን ይቀጥላል? ለዚህ ሦስት ምክንያቶች አሉ፤

፩ኛ/ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ስኪነር በእርግቦች ላይ ባደረገው ምርምር እንዳሳየው፥ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ከማንኛውም ይልቅ ልማድን ያጸናል።

፪ኛ/ ተጫዋቹ ያለፈው ዕጣ የሚመጣውን የሚለውጥ ይመስለዋል። በ1905 ዓ.ም. በሞንቴ ካርሎ የቁማር ቤት ኳሷ 26 ጊዜ ተከታትላ በጥቁር ላይ ስታርፍ፥ «አሁንስ የቀይ ተራ ነው» ያሉ ብዙዎች ገንዘባቸውን አጥተዋል።

፫ኛ/ «አንድ ጨዋታ ብቻ በላኝ» የሚለው ሰው መሸነፉን ለማሸነፍ እንደ መቅረብ ይቈጥረዋል፤ የተበላውንም ለማስመለስ ይጨምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ፥ የቁማር ሕመም ከሱስ ወገን ተመድቧል። ምልክቶቹም ራስን መግታት አለመቻል፥ ቁማርን ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ማስቀደም፥ ጉዳት እየታየም አለመተው ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የስንፍና ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

መከላከያው ከራስ ይጀምራል። ገንዘብ በእጅ ሳይቈይ ወደ ዕቁብ ወይም ወደ ባንክ መግባት አለበት፤ የውርርዱ ገንዘብና ጊዜ አስቀድሞ ይወሰን፤ የተበላውን ለማስመለስ ከቶ አይበደሩ፤ የውርርድ መጫወቻውም ከስልክ ይጥፋ። ቤተ ሰብም ዕዳውን ደጋግሞ ከመክፈል ይልቅ የገንዘቡን አያያዝ በስምምነት ቢረከብ ይሻላል። ልማዱ ከበረታ በምክር የሚደረገው ሕክምና ስለሚረዳ፥ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከዚያም እንደ አማኑኤል ወዳሉ የአእምሮ ሆስፒታሎች መሄድ ይገባል።

ዕቁብተኛ ዕጣው ቀድሞ ሲደርሰው ዋስ የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። የወሰደውን በቁማር ከጨረሰ፥ ቀሪውን የሚከፍለው ዋሱ ነው፤ ዋሱም ብዙውን ጊዜ ወንድም ወይም ያገር ልጅ ነው። ስለዚህ በአንድ ትኬት ላይ የሚያዘው የአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም።