ሩፋኤል ዲያብሎስ የሆነበት ሲኦል

ድሬዳዋ ላይ ሰው ወደ በረንዳ የሚወጣው ፀሐይዋ ዘወር ስትል ነው። የእህቴ ልጅም ላፕቶፑን ይዞ ይወጣል። አንድ አመሻሽ፣ «አቦ! ይሄ ሩፋኤል የሚባል ሰይጣን መቼም አይፋታኝም!» ብሎ ሲጮህ፣ ረከቦቱ ላይ ያቀረቀረችው እናቴ ጀበናዋን ይዛ ቀና አለች።

«ማነው ሰይጣን?»

እናቴ በመልአኩ ሩፋኤል በዓል፣ ጳጉሜን 3 ቀን፣ ዝናቡን ጠበል ብላ ልጆቹን ሁሉ ግቢ አውጥታ የምታስመታ ሴት ናት። ዝናቡ ከቀረም (ድሬ ናትና ይቀራል) ሩፋኤልን አትቀየምም። ልጁ ደንግጦ ወደኔ ዞረ፤ «ጋሼ፣ አንተ አስረዳልኝ!»

ለማስረዳት የጨዋታውን ሲኦል ከነታሪኩ ማወቅ ነበረብኝ።

ልጁ የሚጫወተው ባልደርስ ጌት 3 ይባላል፤ ላሪያን የተባለ የቤልጂግ ኩባንያ በ2023 ያወጣው ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መነሻው ግን ኮምፒውተር የማይፈልግ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ብለው ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት በአንድ ሳጥን ከትተው ሸጡ። አንዱ ሰው ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይፈርደዋል። ለእናቴ ያስረዳኋት እንዲህ ብዬ ነው፦ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ መልሶ ቁጭ ማለት የለም፤ በረቱ ውስጥ ገብተሽ ከጅቡ ጋር ራስሽ ትደራደሪያለሽ።

ተረቱ ሰፊ ዓለም አለው፤ ዓለሙም የራሱ ሲኦል አለው። በአንድ ጀምበር አልተሠራም። በ1977 የወጣው የጭራቆች መጽሐፍ አስሞዴዎስን፣ ብዔል ዜቡልን፣ ዲስፓተርንና ጌርዮንን ከነመልካቸው አስተዋወቀ። በ1983 ኤድ ግሪንዉድ የተባለ ካናዳዊ ደራሲ «ድራገን» በተባለው መጽሔት ላይ በሁለት ተከታታይ እትሞች አገሩን እርከን በእርከን ዘረዘረው። እርከኖቹ ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኝ ሲባል ጣልያናዊው ዳንቴ ትዝ ይላል፤ የእሱም ሲኦል ዘጠኝ ክበብ ነበረው። የመጀመሪያው እርከን አቬርነስ ስሙን የወሰደው ኔፕልስ አጠገብ ካለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ የጥንት ሮማውያን የሙታን አገር መግቢያ ይሉት ነበር። ዲስ እና ማልቦልጅ የሚባሉት እርከኖች በቀጥታ ከዳንቴ የመጡ ናቸው።

የድሬ ሰው የሚወደው ግን ስምንተኛውን ነው። ካኒያ ይባላል፤ በረዶ ነው። ዳንቴም ከሁሉ የከፋውን ቅጣት ያስቀመጠው እሳት ውስጥ ሳይሆን በረዶ ውስጥ ነው። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ሄዶ በሦስት ብርድ ልብስ ያደረ ድሬዳዋዊ በዚህ ፍርድ አይከራከርም።

ይህን ሲኦል ከሌላው የሚለየው ቢሮክራሲው ነው ብል አላጋነንኩም። በጨዋታው ዓለም አጋንንትና ዲያብሎሶች አንድ አይደሉም። አጋንንቱ ሥርዓት አያውቁም፤ የሚያጠፉት ለማጥፋት ሲሉ ብቻ ነው። ዲያብሎሶቹ ግን ሕግ አክባሪ ናቸው፤ ማዕረግ አላቸው፣ የእድገት መሰላል አላቸው፣ ከሁሉ በላይ ውል አላቸው። ታችኛው ቅርጹን ያጣ፣ እንደ ሊጥ የሚዝለገለግ ፍጥረት ነው፤ ከዚያ በደረጃ እያደገ የጦር አዛዥ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ወገኖች ማብቂያ በሌለው «የደም ጦርነት» ይዋጋሉ፤ ዋናው ግንባርም አቬርነስ ነው።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የያዘኝ በ2006 የታተመው መጽሐፍ የሚያወራው የአገሩ አመሠራረት ነው። አስሞዴዎስ መልአክ ነበር ይላል፤ አጋንንቱን እንዲዋጋ የተመደበ። ከጠላት ጋር ሲተናነቅ ኖሮ መልኩ ጠላቱን መሰለ፤ አማልክቱ እሱንና ጭፍሮቹን ማየት አስጠላቸው። እሱም ብልህ ነገር አመጣ፦ ኃጢአተኞችን የምንቀጣበት ከእናንተ የራቀ ቦታ ስጡን፣ ከነፍሶቹ የሚገኘውንም ኃይል ለጦርነቱ እናውለው። አማልክቱ ደስ ብሏቸው ፈረሙ። ቆይተው ሲያዩ አስሞዴዎስ የመጣለትን መቅጣት ትቶ ሰዎችን ራሱ እያሳተ ወደ ሲኦል ይነዳል። ሊወቅሱት ቢመጡ ውሉን አወጣና በደቃቁ የተጻፈውን እንዲያነቡ ነገራቸው። የማኅበር ብድር ፎርም ሳያነብ የፈረመ ሰው ሁሉ ይህን ተረት አንድ ጊዜ ሲሰማ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የቤተ መንግሥት ሽኩቻ ነው። ብዔል ዜቡል በጌታው ላይ አሲሮ ከሸፈበትና አስሞዴዎስ ዛጎል የሌለው ትልቅ ቀንድ አውጣ አደረገው። ዛሪኤል የምትባል መልአክ በቁጣ ተነሥታ ጥቂት ፈረሰኞች ይዛ አቬርነስ ላይ ዘመተች፤ ተሸነፈች፤ በመጨረሻ የወጋችውን አገር ራሷ ገዛች። የሲኦል ገዢዎች ይሾማሉ፣ ይሻራሉ። እኛ የምናውቀው ሲኦል ታሪክ የለውም፤ ፍርድ ብቻ ነው ያለው። ይኸኛው እንደ ማንኛውም መንግሥት ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ወጣቶቹ የሚወዱት።

ስሞቹ ግን ከኛው ቤት ናቸው። ብዔል ዜቡል ከወንጌል ነው። አራተኛውን እርከን የሚገዛው ቤሊያል የኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ቤልሆር» የሚለው ነው። ሦስተኛውን የያዘው ማሞን ደግሞ ወደኛ ሲመጣ ስሙን ተነጥቋል፤ በአማርኛው ወንጌል «ገንዘብ» ተብሎ ተተርጉሟልና ማንም እንደ አለቃ አያውቀውም። አስሞዴዎስ የመጣው ከመጽሐፈ ጦቢት ነው፦ የሣራን ሰባት ባሎች በሠርጋቸው ሌሊት የገደለው እሱ ነው። ጦብያ የዓሣ ልብና ጉበት በዕጣን እሳት ላይ አጭሶ አባረረው፤ ወደ ግብፅም ሸሸ፤ ተከትሎት ሄዶ ያሰረው ሩፋኤል ነው።

ሩፋኤል አሳሪ የሆነበት መጽሐፍ ሌላም አለ። ሙሉው የመጽሐፈ ሄኖክ ቃል ተርፎ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን በ1773 ወደ አውሮፓ ወሰደ፣ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው። እዚያ ውስጥ 200 ትጉሃን መላእክት ወደ አርሞንኤም ተራራ ይወርዳሉ። ከእነሱ አንዱ አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ሴቶችንም ዓይን መኳልን ያስተምራል (መጋላ ገበያ ላይ ኩል የሚሸጡት እናቶች ይህን ባይሰሙ ይሻላል)። ፍርዱ ሲመጣ አዛዝኤልን እጅና እግሩን አስሮ ዱዳኤል በሚባል በረሃ፣ ሹል ድንጋይ በሞላበት ጨለማ እንዲጥለው የታዘዘው ሩፋኤል ነው።

እንግዲህ የልጁ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሩፋኤል ማን ነው? ግማሽ ዲያብሎስ፣ የስምንተኛው እርከን ገዢ የሜፊስቶፌሊስ ልጅ፣ ቤቱ አቬርነስ ውስጥ የሆነ፣ ጨዋ አነጋገር ያለው ነጋዴ። ችግርህን እፈታልሃለሁ ይላል፤ አንድ ዘውድ አምጣልኝና እዚች ላይ ፈርም። ሲኦልን ሲያስር የኖረው መልአክ ስም ለሲኦል ወኪል ተሰጠ። ጸሐፊዎቹ አውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ ነገሩ ዱዳኤል ውስጥ ያለውን እስረኛ የሚያስቅ ነው።

የደነገጠችው እናቴ ብቻ አይደለችም። አሜሪካ ውስጥ በ1982 ልጇ ራሱን ያጠፋባት ፓትሪሺያ ፑሊንግ የምትባል እናት ጥፋቱን በጠረጴዛው ጨዋታ ላይ አድርጋ በ1983 ተቃዋሚ ማኅበር አቋቋመች። አብያተ ክርስቲያናት ተነሡ፣ ቴሌቪዥኑ ተቀባበለው። የጠረጴዛው ጨዋታ ኩባንያ በ1989 ባወጣው አዲስ እትም ዲያብሎስና ጋኔን የሚሉትን ስሞች አስቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ ፍጥረቶቹ «ባቴዙ» እና «ታናሪ» ተብለው ተመለሱ፣ ሲኦሉም «ባቶር» ተባለ። ቀንዱም ጅራቱም እዚያው ነበር። የቀድሞው ስም ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በ2000 በወጣው እትም ነው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ስተርክ ሦስተኛው ቡና ደረሰ። በረካውን እየቀዳች የጠየቀችው ልጁን ነው።

«ፈረምክለት?»

«ኧረ አልፈረምኩም እማማ! እያሰብኩበት ነው።»

«እዛ ጨዋታ ውስጥ ዓሣ የለም?»

«ዓሣ?»

«ጉበቱን ነዋ የምፈልገው።»